ለማን ሲባል?

በሶፍ ዑመር ዋሻ ውስጥ የሚያልፈው የወይብ ወንዝ የሚነሳው ከባሌ ተራሮች ነው። ለዝያራ የሚመጣው ሰው ወንዙን የሚያየው በኖራ ድንጋይ አምዶች መካከል ሲገባ ነው፤ 15 ኪሎ ሜትር ያህል የሚረዝመው ዋሻ በሼክ ሶፍ ዑመር ስም ይጠራል፤ ከሮቤ ከተማ እስከዚያ ድረስ አገሩ ቆላ እየሆነ ይወርዳል። ወንዙን ሽቅብ ተከትሎ የወጣ ግን ከዲንሾ ከተማ በላይ ሌላ አገር ያገኛል፦ ዛፍ የሌለው፣ ሣሩ አጭር፣ ብርዱ አጥንት የሚሰብር ሰፊ ሸለቆ። በዚያ ሸለቆ ሁለት የሥጋ ዘመዳሞች ጎን ለጎን ይኖራሉ። አንዱ ከኢትዮጵያ ደጋ በቀር በዓለም ላይ የትም የማይገኘው፣ የአካባቢው ሰው ጀዳላ ፈርዳ የሚለው ቀይ ቀበሮ ነው። ሌላው የእረኛው ውሻ ነው።

አንዱን ለማትረፍ ሌላውን መግደል ይገባል? በሌላው ዓለም ይህን የመሰለ ጥያቄ አብዛኛውን ጊዜ የሚነሳው በእንስሳት መጠለያ በር ላይ ነው። ቦታው ሞልቷል፣ መኖ የለም፣ ማንም አልወስድም ያለው ውሻ ምን ይደረግ? እኛ አገር መጠለያው ራሱ በጣት የሚቆጠር ስለሆነ ጥያቄው ግቢ ውስጥ አልታጠረም። በመንደር፣ በከተማ ቆሻሻ ገንዳ አጠገብ፣ እግሯ ተሰብሮ መንገድ ዳር በወደቀች አህያ ፊት እናገኘዋለን። ብዙዎቻችን አይተን እናልፋለን፤ ማለፋችንም ራሱ ውሳኔ ነው።

አሜሪካዊው ፈላስፋ ቶም ሪገን እ.ኤ.አ. በ1983 ባሳተመው የእንስሳት መብት መጽሐፉ ለዚህ ጉዳይ የሚሆን መለኪያ አስቀምጧል። እንስሳን መግደል የርኅራኄ ሥራ ሊባል የሚችለው አገዳደሉ ከሁሉ ያነሰ ሥቃይ ያለበት ሲሆን፣ ሞቱ ለእንስሳው ለራሱ የሚበጅ መሆኑ ሲታመንና እውነትም ሲሆን፣ ገዳዩን ያነሣሣውም ለእንስሳው ማሰቡ ሲሆን ነው ይላል። በዚህ መለኪያ ቦታ ጠፋ ተብሎ የሚገደል ጤነኛ ውሻ ከርኅራኄው ውጭ ነው። ገዳዩ ቅን ሰው ሊሆን ይችላል፤ መርፌውም ላያም ይችላል፤ ሞቱ ግን ለውሻው ሲባል የመጣ አይደለም። ይህን ምዕራፍ የምጽፈው በዚህ ስለማምን ነው። እንስሳ በሰው እጅ በሞተ ቁጥር አስቀድሞ መጠየቅ ያለበት «ለማን ሲባል?» የሚለው ነው። እኛ ኢትዮጵያውያን በዚህ ጥያቄ ሁለት ጊዜ እንወድቃለን፦ መሞት የማይገባውን በጭካኔ እንገድላለን፣ ሞት የሚያሳርፈውን ደግሞ ለመግደል ፈርተን ለጅብ እንተወዋለን።

ከውሻው ልጀምር። የባሌ ደጋ ውሻ ያለ ሥራ አይውልም። ሌሊት በረት ይጠብቃል፤ ጅብ ሲመጣ ከሰው በፊት እሱ ይሰማል። ከብቶቹ ጎዳንቱ በሚባለው ሥርዓት በየወቅቱ ወደ ላይኛው ግጦሽ ሲወጡ አብሮ ይወጣል። ጌታ አለው፣ ስም አለው። ግን አይታሰርም፤ ድርሻውም ከገበታ የተረፈው ነው። የጎደለውን ራሱ ይፈልጋል፤ አይጥ ያድናል፣ የሞተ ጥጃ ካገኘ ይበላል። ከከተማ የመጣ ሰው እንዲህ ያለውን ልቅ ውሻ ሲያይ «ባለቤት የለውም» ይላል፤ ይህ ትልቅ ስህተት ነው። ውሻው ሲታመም የሚያዝንለት ልጅ፣ ሲገደል የሚቆጣ አባወራ አለ።

ይህ ውሻ ምግብ ፍለጋ ሲወጣ ቀበሮው ደጃፍ ይደርሳል። ቀይ ቀበሮ በመላው ኢትዮጵያ አዋቂዎቹ 500 ገደማ ብቻ እንደሆኑ ይገመታል፤ ከግማሽ በላይ የሚሆኑት በባሌ ይኖራሉ። ቀን ቀን ለየብቻው ፍልፈል ያድናል፤ ጠዋትና ማታ ግን መንጋው ተሰብስቦ አፍ ለአፍ ይላላሳል፣ ይተሻሻል፣ ቡችሎቹን በጋራ ያበላል። አንዱ የእብድ ውሻ በሽታ ከያዘው መንጋው በሙሉ አለቀ ማለት ነው። እ.ኤ.አ. በ1991 እና 1992 የሆነው ይኸው ነው፤ ከውሻ የመጣው በሽታ በባሌ ክትትል ይደረግባቸው ከነበሩት መንጋዎች አባላት ሦስት አራተኛ ያህሉን ጨረሰ። በ2003 ተመልሶ መጣ፤ በ2008 እና በ2014 ደገመ። በመካከሉ ሌላ የውሻ በሽታ፣ ዲስቴምፐር፣ በተራው ገደላቸው።

እንዲህ ባለ ጊዜ መፍትሔው ለብዙ ሰው ግልጽ ይመስለዋል። ውሻው በሚሊዮን የሚቆጠር፣ ቀበሮው በመቶ የሚቆጠር ነው፤ እንግዲያው ውሻው ይገደል። ይህን የሚሉት ጨካኞች ብቻ አይደሉም። ብርቅዬ እንስሳ እያለቀ ሲያዩ የሚጨነቁ ሰዎችም ይሉታል፤ ጭንቀታቸውን እረዳለሁ። ነገር ግን ክርክሩ ገና ከሥነ ምግባር ሳይደርስ በተግባር ይወድቃል። የእብድ ውሻ በሽታን የሚያቆመው የውሾች ቁጥር ማነስ አይደለም፤ ክትባት የወሰዱ ውሾች መብዛት ነው። የዓለም ጤና ድርጅት የሚያስቀምጠው ልክ 70 በመቶ ነው፤ ከአካባቢው ውሾች 70 በመቶው ከተከተቡ በሽታው የሚተላለፍበት መንገድ ይዘጋል። ውሻ ሲገደል ምን ይሆናል? የተከተበውም ያልተከተበውም አብሮ ይሞታል። በረቱ ጠባቂ ያስፈልገዋልና ገበሬው ከሌላ መንደር ቡችላ ያመጣል፤ ቡችላው አልተከተበም። ገዳዮች መጡ ሲባል ደግሞ ሰው ውሻውን ወደ ዘመድ ቤት ያሸሻል፤ በሽታውም አብሮ ይሸሻል። በኢንዶኔዥያዋ የፍሎሬስ ደሴት በሽታው በገባ ማግስት፣ እ.ኤ.አ. በ1998፣ ከደሴቲቱ ውሾች ግማሽ ያህሉ ተገደሉ፤ በሽታው ግን አልወጣም። ሜክሲኮ በተቃራኒው ለዓመታት ውሾቿን በገፍ ከተበች፤ በ2019 ከውሻ ወደ ሰው ከሚተላለፈው ከዚህ በሽታ ነፃ መሆኗ በዓለም ጤና ድርጅት ሲረጋገጥ ከዓለም የመጀመሪያዋ ሆነች።

በባሌም የሠራው ይኸው ነው። እ.ኤ.አ. በ1995 የተመሠረተው የኢትዮጵያ ቀይ ቀበሮ ጥበቃ ፕሮግራም ከ1996 ጀምሮ በባሌ ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ ውስጥና ዙሪያ ያሉ የመንደር ውሾችን ሲከትብ ቆይቷል። የክትባት ቀን ምን እንደሚመስል ላሳይ። መኪና የማይደርስበት መንደር በፈረስ ይደረሳል፤ ክትባቱ በረዶ በያዘ ሣጥን ፈረስ ጀርባ ላይ ተጭኖ ይሄዳል። ወሬው አስቀድሞ ስለሚዳረስ ልጆች ውሾቻቸውን በገመድ እየጎተቱ ይመጣሉ። ውሻው በዕድሜው ታስሮ አያውቅም፤ አራት እግሩን መሬት ላይ ተክሎ አልሄድም ይላል፣ ይዞራል፣ ገመዱን ይነክሳል። ልጁ አንገቱን አቅፎ በአፉ ዙሪያ ገመድ ይጠመጥምለታል፤ ባለሙያው ከትከሻው ላይ ቆዳውን ሳብ አድርጎ ይወጋል። መርፌው ገብቶ እስኪወጣ ትንፋሽ የሚወሰድበት ጊዜ እንኳ የለም። ውሻው ሲለቀቅ ጅራቱን ቆልፎ ይሮጣል፤ ትንሽ ይርቅና ዘወር ብሎ ልጁን ያያል። ይህን ያየ ሰው «ባለቤት አልባ» የሚለውን ቃል ዳግመኛ በዋዛ አይጠቀምም።

እ.ኤ.አ. በ2003 መጨረሻ በሽታው ወደ ወይብ ሸለቆ ሲመለስ 70 የሚጠጉ ቀበሮዎች ተይዘው ተከተቡ። የተመረጡት ሸለቆውን ከሌሎች የቀበሮ ቀዬዎች ጋር በሚያገናኙት ማለፊያዎች ላይ ያሉት ነበሩ፤ በሽታውም በዚያ ተገታ። ይህ በ2006 ኔቸር በተባለው የሳይንስ መጽሔት ታትሟል። በ2018 ደግሞ ለቀበሮዎቹ በምግብ ውስጥ የሚሰጥ የአፍ ክትባት በባሌ ተጀመረ። ከዚህ ሁሉ የምወስደው ቁም ነገር አለ፦ የቀበሮው ነፍስና የውሻው ነፍስ በሚዛን ሁለት ጫፍ ላይ የተቀመጡ መስሎን ነበር። ውሻውን ስናድን ቀበሮውም ዳነ፤ ልጁም ዳነ። «ወይ እሱ ወይ ይኼ» የሚለው ጥያቄ ብዙ ጊዜ የሚመጣው ሥራውን ቀደም ብለን ሳንሠራ ስንቀር ነው። አህያውን ፈርቶ ዳውላውን እንዲሉ፣ ክትባት ያላዳረሰው ሰው ጥፋቱን በውሻው ላይ ይወጣል።

አሁን ወደ ከተማ እንምጣ። ትልቅ ጉባኤ ወይም በዓል ሲቃረብ፣ ወይም የተነከሰ ሰው ሲበዛ፣ በአዲስ አበባም በክልል ከተሞችም በየጊዜው የተሠራበት ዘዴ መርዝ ነው። ስትሪክኒን ሥጋ ውስጥ ተደርጎ በሌሊት ይበተናል፤ ንጋት ላይ ሬሳ ይሰበሰባል። ስትሪክኒን በውሻ ላይ የሚሠራውን በግልጽ መናገር ይገባል፤ በጨለማ ስለሚሆን ብቻ ቀላል የሚመስለው ብዙ ነው። መርዙ የጡንቻን ልጓም የሚይዘውን የነርቭ መልእክት ይዘጋል። ጡንቻዎች ሁሉ በአንድ ጊዜ ይኮማተራሉ፤ ጀርባ እንደ ቀስት ይለመጣል፣ እግሮች ይገተራሉ። ትንሽ ድምፅ ወይም ንክኪ ሕመሙን ደግሞ ይቀሰቅሰዋል። ይህ ሁሉ ሲሆን አእምሮው አልደነዘዘም። በመጨረሻ የሚሞተው ደረቱ ተቆልፎ መተንፈስ ስለሚያቅተው ነው። የዓለም የእንስሳት ጤና ድርጅት ውሾችን በተመለከተ ባወጣው መመሪያ ተቀባይነት ከሌላቸው ዘዴዎች መካከል ስትሪክኒንን አስቀምጦታል፤ መግደል ብቻውን የውሻን ቁጥር እንደማይቆጣጠርም ጽፏል። ደግሞ መርዙ ከውሻው ጋር አያበቃም። ሬሳውን የበላ ጅብ ይመረዛል፤ ጥንብ አንሳም ይመረዛል። እንደ ጎባና ሮቤ ባሉ፣ ከቀበሮው መኖሪያ በቅርብ ርቀት በሚገኙ ከተሞች መርዝ መበተን ማለት በአንድ እጅ የሚከተቡትን በሌላው እጅ ማጥፋት ነው።

ለንጽጽር ያህል፣ በትክክል የተሠራ የርኅራኄ ሞት ይህን ይመስላል። እንስሳው አስቀድሞ የሚያረጋጋ መድኃኒት ይወስዳል። ከዚያ ፔንቶባርቢታል የተባለው ማደንዘዣ ከመጠኑ በላይ በደም ሥሩ ይሰጠዋል። በሴኮንዶች ውስጥ ራሱን ይስታል፣ ቀጥሎ ትንፋሹ ይቆማል፣ ልቡ ይቆማል። ባለቤቱ ራሱን ይዞለት ሊሆን ይችላል። በሁለቱ ሞቶች መካከል ያለው ልዩነት የገንዘብ ብቻ ነው የሚል ሰው አንዱንም አላየም።

ጤነኛ እንስሳን በቦታ እጥረት መግደል ምን ያህል አርቆ አለማየት እንደሆነ ከሚያሳዩ ታሪኮች ሁሉ ለእኔ የሚከብደኝ የአገራችን ነው። የስድስት ኪሎው አንበሳ ግቢ እ.ኤ.አ. በ1948 በአፄ ኃይለ ሥላሴ የተመሠረተ ነው። እ.ኤ.አ. በኖቬምበር 2006 በዓለም ዙሪያ የተሰራጨ ዜና፣ ግቢው የአንበሳ ደቦሎችን በመርዝ እየገደለ ሬሳቸውን አድርቀው ለጌጥ ለሚሸጡ ሰዎች እስከ 170 ዶላር ድረስ ይሸጥ እንደነበር ገለጸ። ምክንያቱን የተናገረው አስተዳደሩ ራሱ ነው፦ ማሳደጊያ ቦታና ገንዘብ የለንም። ስድስት ዓመት ቆይቶ፣ በ2012፣ የውጭ ተመራማሪዎች በዚያው ግቢ ያሉ የ15 አንበሶችን ዘረ መል መርምረው ውጤቱን አሳተሙ። አንበሶቹ ከተነጻጸሩባቸው ከሌሎቹ የአፍሪካ አንበሶች በዘራቸው የተለዩ ሆነው ተገኙ። «ትርፍ» ተብለው የሞቱት ደቦሎች ምትክ የሌላቸው ነበሩ። ልዩ ዘር ባይሆኑስ ኖሮ መግደሉ ልክ ይሆን ነበር? አይሆንም። ነገር ግን ታሪኩ የሚያስተምረው አንድ ነገር አለ፤ «ትርፍ ነው» የምንለው እንስሳ ስለምንነቱ ምንም ሳናውቅ የፈረድንበት ሊሆን ይችላል።

እንዲህ ያለው ነገር የድሃ አገር ችግር ብቻ አይደለም። የኮፐንሃገን መካነ እንስሳት እ.ኤ.አ. በፌብሩዋሪ 2014 ማሪየስ የተባለውን ጤነኛ ወጣት ቀጭኔ ለርቢ ፕሮግራሙ ዘሩ አያስፈልግም ብሎ ገደለው፤ ሥጋውን በሕዝብ ፊት ቆራርጦ ለአንበሶች ሰጠ። በአሜሪካ መጠለያዎች እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ በዓመት ከ10 ሚሊዮን በላይ ውሾችና ድመቶች ይገደሉ እንደነበር ይገመታል። ዛሬ ቁጥሩ ከአንድ ሚሊዮን በታች ወርዷል። ያወረደው በዋናነት ማምከንና ሰው ከመጠለያ እንዲወስድ ማበረታታት ነው። መግደል ግዴታ ይመስል የነበረው ሌላ ሥራ ሲሠራ ግዴታ ሳይሆን ቀረ።

እስካሁን የተናገርኩት ስለ መጀመሪያው ውድቀታችን ነው። ሁለተኛው ብዙም አይወራም።

ኢትዮጵያ በአህያ ብዛት ከዓለም ቀዳሚ ናት። በባሌ ደግሞ ፈረስ ከአህያ ጋር የቤቱ ምሰሶ ነው፤ ገብስና ስንዴ ገበያ የሚደርሰው፣ እንጨትና ውሃ የሚመጣው በእነሱ ጀርባ ነው። ይህ እንስሳ ሲያረጅ፣ ወይም እግሩ ሲሰበር፣ ወይም ጀርባው በጭነት ቆስሎ አጥንቱ ሲታይ ምን ይደረጋል? ሥጋው ስለማይበላ አይታረድም። ባለቤቱ «ለሠራልኝ እንስሳ ቢላ አላነሣም» ይላል፤ ይህ ስሜት የተከበረ ስሜት ነው። ከዚያ ግን ከቤቱ ያርቀውና ሜዳ ላይ ይለቀዋል። በማግስቱ ጠዋት ጅብ በልቶታል፤ ጅብ ደግሞ እስኪሞት ጠብቆ አይበላም። ለቀናት በሦስት እግር ቆሞ ውሃ የሚጠብቅም አለ። እ.ኤ.አ. በ2017 በቢሾፍቱ የተከፈተው የአህያ ቄራ በሕዝብ ቁጣ ሲዘጋ ብዙዎቻችን ደስ ብሎናል፤ እኔም ደስ ካላቸው አንዱ ነኝ። ግን ያ ቁጣ የት ይሄዳል፣ ያችው አህያ ከነሕይወቷ ለጅብ ስትተው? ቢላ ያልነካት ሞት ከቢላው የከፋ ከሆነ፣ እጃችን ንጹሕ ነው የምንለው ራሳችንን ለማጽናናት እንጂ ለእሷ ሲባል አይደለም።

ለሥራ እንስሳት የሚታገሉ ድርጅቶች፣ ዶንኪ ሳንክቹዋሪ፣ ስፓናና ብሩክ፣ በአገራችን ለዓመታት ሕክምና ሲሰጡ ቆይተዋል። በሕክምናው መስክ ያሉ ሰዎች ከሚከብዳቸው ጊዜ አንዱ ባለቤቱን «ከዚህ በኋላ አይድንም፤ እናሳርፈው» ማለት ነው። ባለቤቱ ይጨነቃል፤ ፈጣሪ የሰጠውን ነፍስ እኔ ማን ነኝ የማጠፋው ይላል። ይህን ጭንቀት ንቆ ማለፍ ነውር ነው። መልስ ሊሰጠው ይገባል፤ መልሱም ከሩቅ አገር መምጣት የለበትም።

ሶፍ ዑመር የእስልምና ቅዱስ ሥፍራ ነውና ከዚያው ልነሳ። በባሌ ብዙ ሙስሊም የሚከተለው የሻፊዒ መዝሀብ የውሻን ምራቅ ነጃሳ ያደርገዋል፤ ስለዚህ ውሻ ቤት አይገባም። ከዚህ ተነስቶ እስልምና ለውሻ ርኅራኄ የለውም የሚል ካለ ግን ተሳስቷል። በቁርኣን የካህፍ ምዕራፍ ለእምነታቸው ሸሽተው ዋሻ ውስጥ የተኙት ወጣቶች ሲወሱ፣ በዋሻው ደጃፍ እግሮቹን ዘርግቶ አብሯቸው የነበረው ውሻም ይወሳል። በሐዲስ ደግሞ በውሃ ጥም የሚያለከልክ ውሻ ያጠጣች ኃጢአተኛ ሴት ምሕረት አገኘች። ከሁሉ በላይ ለዚህ ምዕራፍ የሚሆኑት ሁለት ሐዲሶች ናቸው። አንዱ የምትገድል ከሆነ እንኳ አገዳደልህን አሳምር፣ ቢላህን ሳል፣ እንስሳውን አታሠቃይ የሚል መንፈስ ያለው ነው። ሌላው ድመት አስራ ስላስራበች ሴት ነው፤ አላበላቻትም፣ ራሷ አድና እንድትበላም አልለቀቀቻትም፣ በዚህም ተቀጣች። የክርስቲያኑም መጽሐፍ ምሳሌ ላይ ጻድቅ ሰው ለእንስሳው ነፍስ ይራራል ይላል። በኦሮሞ ዘንድ ሳፉ የሚባለው የሥነ ምግባር ሥርዓት አለ፤ ፈላስፋው ወርቅነህ ቀልቤሳ በጥናቶቹ እንዳሳየው፣ ሰው ከሰው ጋር ብቻ ሳይሆን ከእንስሳና ከምድር ጋርም ያለውን ወሰን የሚያስከብር ነው። ሦስቱም ትምህርቶች ስለ ሥቃይ ዝም አይሉም።

የድመቷ ታሪክ በተለይ ለመጠለያ ሰዎች የተነገረ ይመስለኛል። «አንድም እንስሳ አንገድልም» ብሎ የተከፈተ ግቢ፣ ገንዘቡ ሲያልቅ፣ ውሾቹ እርስ በርስ ሲነካከሱ፣ የታመመው ሳይታከም ሲቀር፣ በጎ ሐሳብ ወደ እስር ቤት ይለወጣል። በረኅብ የሚሞተው እንስሳ «አልገደልንም» በሚል ቃል አይጽናናም። ስለዚህ መጠለያ የሚከፍት ሰው አስቀድሞ ስንት እንስሳ በአግባቡ ሊያኖር እንደሚችል ቆጥሮ በሩን በዚያ ልክ መክፈት አለበት። የተሻለ ምሳሌ በአገራችን አለ። ቦርን ፍሪ የተባለው ድርጅት በሆለታ አቅራቢያ ያቋቋመው እንሰሳ ኮቴ፣ ከሕገ ወጥ ነጋዴዎች የተወረሱና ወደ ዱር መመለስ የማይችሉ እንስሳትን በሰፊ ግቢ ያኖራል፤ በዶሎ ኦዶ ለዓመታት በአጭር ሰንሰለት ታስሮ የኖረው አንበሳ ዶሎ በዚያ ግቢ መኖሪያ አግኝቷል።

ታዲያ መቼ ነው መግደል ለእንስሳው ሲባል የሚሆነው? ይህን በፍጥነት መወሰን አደገኛ መሆኑን የሚያሳይ አንድ ቀበሮ አለ። እ.ኤ.አ. በ2020 በሰሜን ተራሮች አንድ ቀይ ቀበሮ በጥይት ተመትቶ እግሩ ተሰብሮ ተገኘ። እስከዚያ ድረስ የቆሰለ ቀይ ቀበሮ ተይዞ፣ ታክሞ፣ ወደ ዱር ተመልሶ አያውቅም። ለዱር እንስሳ በሰው መያዝ ራሱ ጭንቀት ነው፤ ማሳረፉ ይሻላል ማለት በጣም ቀላል ነበር። የያዙት ሰዎች ግን አላሉም። በተራራው ላይ መጠለያ ተሠራለት፣ አጥንቱ እስኪጠግን ተጠበቀ፣ አንገቱ ላይ መከታተያ መሣሪያ ታስሮለት ተለቀቀ፣ ከመንጋውም ተገናኘ። ስሙን ተረፈ አሉት።

ተረፈ የዳነው ተስፋ ስለነበረው ነው። የእብድ ውሻ በሽታ ምልክቱ የታየበት ውሻ ግን ተስፋ የለውም፤ ለዚህ በሽታ ምልክቱ ከታየ በኋላ ፈውስ የለም። መዋጥ ያቅተዋል፣ ለሃጩ ይዝረበረባል፣ ብርሃንና ድምፅ ያሠቃየዋል፣ በቀናት ውስጥ ይሞታል። ይህን ውሻ በፍጥነትና ያለ ሥቃይ ማሳረፍ ለእሱም ለመንደሩም ሲባል ነው፤ እዚህ ላይ ማመንታት የለም። በድንጋይና በዱላ ቀጥቅጦ መግደሉ ግን ለማንም አይጠቅምም። ጭንቅላቱ ከተፈረካከሰ ደግሞ በሽታው እብደት መሆኑን የሚያረጋግጠው የአንጎል ምርመራ አይሠራም፤ ከሮቤ አዲስ አበባ 430 ኪሎ ሜትር ገደማ ስለሆነ ናሙናው መቼም በቀላሉ አይደርስም። ሰው የነከሰ፣ ነገር ግን ጤነኛ የሚመስል ውሻ ደግሞ መገደል የለበትም። ታስሮ ለ10 ቀን ይታይ። በ10 ቀን ውስጥ ጤነኛ ሆኖ ከቆየ፣ በነከሰበት ሰዓት በሽታውን አያስተላልፍም ነበር ማለት ነው። ተነካሹ ግን 10 ቀኑን ሳይጠብቅ ሕክምናውን ይጀምር።

የተነከሰ ልጅ ያላት እናት ይህን ሁሉ ስታነብ ልትቆጣ ትችላለች፤ ቁጣዋ ተገቢ ነው። በዓለም ላይ በየዓመቱ 59,000 ያህል ሰዎች በዚህ በሽታ እንደሚሞቱ ይገመታል፤ ከተነካሾቹ 40 በመቶው ዕድሜያቸው ከ15 ዓመት በታች ነው። አንድ ልጅ ውሃ እያየ መዋጥ አቅቶት ሲሞት የተመለከተ ሰው ስለ ውሻ ነፍስ ሲወራ ትዕግሥት ባይኖረው አልፈርድበትም። የምለው ልጁን የሚያድነው መርዙ አይደለም ነው። ልጁን የሚያድነው የተከተበ ውሻ ነው፤ ከተነከሰ በኋላ ደግሞ ቁስሉን ወዲያው ለ15 ደቂቃ በሳሙናና በውሃ ማጠብና ሳይውሉ ሳያድሩ ጤና ጣቢያ መድረስ ነው። መርዝ ለመግዛት የሚወጣ ገንዘብ ከዚህ ላይ የተቀነሰ ነው።

ለሮቤና ለጎባ ከተማ አስተዳደሮች፣ በሶፍ ዑመር አካባቢ ላሉ ወረዳዎችም የምለው አለኝ። የባሌ ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ እ.ኤ.አ. በ2023 በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት ተመዝግቧል፤ እንግዳ ይበዛል፤ እንግዳ ሲበዛ «ከተማውን ከውሻ አጽዱ» የሚል ትእዛዝም ሊበዛ ይችላል። መርዙን አትበትኑ። በዓመት አንድ ጊዜ ከየቀበሌው ውሾች ሰባ በመቶውን ክተቡ፣ ሴቶቹን አምክኑ፣ የቄራና የሥጋ ቤት ተረፈ ምርት ሜዳ ላይ አትጣሉ። በየወረዳው የእንስሳት ጤና ክሊኒክ አንድ ባለሙያ በትክክል ማሳረፍ እንዲችል መድኃኒቱና ሥልጠናው ይኑረው። መንገድ ዳር እግሯ ተሰብሮ ለወደቀች አህያ ስልክ ሲደወል የሚመጣ ሰው ይኑር።

አንቺም አንባቢዬ፣ አንተም፣ ውሻ ካለሽ ካለህ ዘንድሮ አስከትቡት። ለዓመታት የጫነችልሽን፣ የጫነችልህን አህያ ደግሞ ለጅብ አትተዉ፤ ባለሙያ ጥሩ፣ ነፍሷ እስክትወጣም አጠገቧ ቁሙ።